የጨዋታ ሰርቨርና የነጋዴው መዝገብ

ንግድ ሁሉ የሚቆመው በመዝገብ ነው። በልዩ ልዩ አገር ያሉ አያሌ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው፣ አንዱ የጦረኛ፣ ሌላው የነጋዴ ሚና ይዞ የሚጫወቱባቸው ጨዋታዎችም እንደዚሁ በመዝገብ ይቆማሉ። መዝገቡ የሚገኘው ሰርቨር በሚባለው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ተጫዋቹ «ይህን ሰይፍ ገዛሁ» ቢል ሰርቨሩ ቃሉን ብቻ አምኖ አይቀበልም፤ ገንዘቡ መኖሩንና ዕቃው አለመሸጡን መርምሮ ይጽፋል፣ ለሌሎቹም ያስታውቃል።

መቀበል፣ መመርመር፣ መጻፍና ማስታወቅ በየጨዋታው ተመሳሳይ ሥራ ስለ ሆነ፣ ይህን አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ የሚያቀርበው ሶፍትዌር ማዕቀፍ ይባላል። አሠራሩ ለማንም ተገልጦ ማንም ሊያሻሽለው የሚችል ሲሆን ኦፕን ሶርስ ይሉታል። ለምሳሌ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈው ኤቨኒያ በጽሑፍ ብቻ ለሚደረጉ ጨዋታዎች የተዘጋጀ ስለ ሆነ፣ ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ስፍራ ይስማማል። የግዕዝ ፊደልም እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ስለ ገባ በአማርኛ ለመጫወት የሚያግድ ነገር የለም።

የመዝገቡ ቁልፍ በአንድ እጅ ብቻ ሲሆን የሚደርሰውን ጉዳት የራይዞም ታሪክ ያስረዳል። ይህን ጨዋታ ኔቭራክስ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 አወጣ፤ በ2006 ግን በገንዘብ ችግር በፍርድ ቤት አስተዳደር ሥር ወደቀ። ደጋፊዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ኮዱን ለመግዛትና ለሁሉ ክፍት ለማድረግ ተነሡ፤ ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንም 60,000 ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ። ይሁን እንጂ ንብረቱ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። ከእጅ ወደ እጅ ከተዛወረ በኋላ ዊንች ጌት የተባለው ባለንብረት በ2010 ኮዱን አፌሮ ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ለሕዝብ ከፈተ።

ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባው ነገር ክፍት ማለት ግዴታ የሌለበት ማለት አለመሆኑ ነው። አፌሮ ጂፒኤል፣ ማዕቀፉን አሻሽሎ በኢንተርኔት ለሰው የሚያቀርብ ሁሉ ማሻሻያውን ለተጠቃሚው እንዲገልጥ ያስገድዳል። ኤቨኒያ የሚሠራበት የቢ.ኤስ.ዲ. ፈቃድ ግን ይህን አይጠይቅም። ደግሞም ሰርቨሩ ክፍት ስለ ሆነ የሌላ ኩባንያ ጨዋታ የራስ አይሆንም። የብሊዛርድን ጨዋታ ያለ ፈቃድ በራሱ ሰርቨር ሲያቀርብ ገንዘብ የሰበሰበ ሰው እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከ88 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈርዶበታል።

ይህ ጉዳይ የአዲስ አበባ ነጋዴ ብቻ አይደለም። ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን በመሥራት የአገር ልጅ ጨዋታ ለገበያ ሊያቀርብ እንደሚችል አሳይቷል። ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሰርዶም ከዚህ ሥራ የምትማረውና የምታስተምረው አላት። ብርሃን በፋይበር መስመር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ሰርቨሩ 10,000 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ ብቻ የሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ይወስዳል። ቅርብ ያለ ሰርቨር የዕቃ ማከማቻን ለገበያ እንደ ማቅረብ ነው።

ሆኖም መዝገብን በአንድ ስፍራ ብቻ ማኖር አደገኛ ነው። በ1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ሰርዶን አፍርሷታል፤ በ2017 ዓ.ም.ም በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ስለዚህ የመዝገቡ ግልባጭ ዘወትር በሌላ ከተማ ሊቀመጥ ይገባል።

እንግዲህ የጨዋታም ሆነ የሱቅ ሒሳብ ሶፍትዌር የሚገዛ ነጋዴ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ሻጩ ቢከስር መዝገቡን ማን ይከፍተዋል? ፈቃዱ ምን ግዴታ ይጥላል? ግልባጩስ የት ነው? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ ሳያገኝ ገንዘቡን አይክፈል።