የጄት አውሮፕላን ሞተር እንዴት ይነሣል?

 

እዚህ ሞያሌ ከማታ ተማሪዎቼ አንዱ የቀድሞ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ከሐጅ ሲመለሱ እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ ከቦሌ ልንበር ስንል ቀዝቃዛው አየር ቀጥ አለ። ባትሪው ሞተ፤ ይህን ሁሉ ብረት ማን ሊገፋው ነው ብዬ ፈራሁ።» ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም።

መኪና ሲነሣ ባትሪው ሞተሪኖውን ያዞራል፤ ሞተሪኖው ሞተሩን ያዞራል። ጄትም ራሱን በራሱ አያስነሣም፤ መጀመሪያ የሚያዞረው ይፈልጋል። ነገር ግን ሞተሩ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ባትሪው ብቻውን አይችለውም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? በአውሮፕላኑ ጭራ ውስጥ አንድ ትንሽ ሞተር አለ። በባትሪ የሚነሣው እሱ ነው። ይህ ትንሽ ሞተር አየር አምቆ በቧንቧ ወደ ትልቁ ሞተር ይልካል። እዚያ ያለው ሞተሪኖ በአየር ኃይል ይዞራል። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ መንገደኛውን የሚያቀዘቅዘውም የዚሁ የትንሹ ሞተር አየር ነው። ስለዚህ በብዙ አውሮፕላኖች ማቀዝቀዣው ለጥቂት ጊዜ ይዘጋና አየሩ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። ሐጂ የፈሩት ይህንን ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ስሙ። ነዳጁ ወዲያው አይከፈትም። የቀጥቃጭ ወናፍ ፍም ያፋፍማል፤ በጄት ውስጥ ግን ከሚገባው አየር ብዙው ሙቀቱን ይዞ የሚወጣ ነው። ስለዚህ የሞተሩ የውስጥ ዘንግ ከሙሉ ፍጥነቱ ከመቶ 20 እስከ 25 ያህል እስኪደርስ ይጠበቃል። ከዚያ ነዳጅ ይገባል፤ ካንዴላው ይለኩሰዋል። አንዴ ከተያያዘ እሳቱ ሳይጠፋ ይቀጥላል። ፍጥነቱ ወደ 50 ሲጠጋ ሞተሪኖው ይላቀቃል፤ ሞተሩም በራሱ ኃይል እስከ ሚኒሞ ይሄዳል።

ነዳጁ ቀድሞ ቢገባስ? እሳቱ ብዙ፣ አየሩ ጥቂት ይሆናል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ብረቱ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ አብራሪው ዓይኑን ከሙቀት መለኪያው አይነቅልም። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ነዳጁን ይዘጋል፤ ሞተሩን በአየር ብቻ እያዞረ ያቀዘቅዛል። በአዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ይህን ኮምፒዩተር ይሠራዋል።

ትንሹ ሞተር ቢበላሽ አየር የሚሰጥ መኪና በወፍራም ጎማ ቱቦ ይገናኛል፤ የደከመ ባትሪ ከሌላ መኪና በገመድ እንደሚበደር ማለት ነው። አንዱ ሞተር ከተነሣ ደግሞ ለሌላው አየር ያበድራል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች፣ ቦይንግ 720ቢን፣ ያገኘው በ1955 ዓ.ም. ነው። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የመጣው ቦይንግ 787 ግን በአየር አይነሣም፤ ጄኔሬተሮቹ በኤሌክትሪክ ኃይል ሞተሩን ያዞራሉ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እንደ መኪናው ሆነ!

ይህን ሁሉ ለሐጂ ካስረዳሁ በኋላ፣ «ታዲያ ሾፌሩ ለምን አስቀድሞ አልነገረንም?» አሉኝ። «ሐጂ፣ ይህን እንኳ አብራሪውን ይጠይቁ» አልኳቸው።