ቢሾ ጃርሳን የያዘው መዝገብ

በካፋ፣ በቦንጋ አቅራቢያ የምትገኘው ማንኪራ ስሟ የሚነሳው በጫካ ቡናዋ ነው። ከካፋ የወጣው ግን ቡና፣ ኮረሪማና ዝባድ ብቻ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቦንጋ ከሰሜን የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች መድረሻ ገበያ ስትሆን ሰውም ይሸጥባት ነበር። በመስከረም 1890 ዓ.ም. የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ሲማረኩ ደግሞ ብዙ ሰው ከአገሩ ተነዳ። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ከተነዱት መካከል ሴቶቹን ማግኘት ይበልጥ ይከብዳል። የአባት ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የእናት እናት ስም ግን በሁለት ትውልድ ይረሳል። ገዢው አዲስ ስም ያወጣላታል፣ ስትጠመቅ ሌላ ስም ይጨመርላታል። ያም ሆኖ አንዳንዶቹን የተቀበሏቸው ተቋማት መዝግበዋቸዋል። በአገራችን ታሪክ ለዚህ የማውቀው ጥሩ ምሳሌ በደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የሎቭዴል ሚስዮን ትምህርት ቤት የተላኩት ልጆች መዝገብ ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ያዘች። ነጻ ከወጡት ሕፃናት ከፊሎቹን በኤደን አጠገብ ሼክ ኦስማን የነበሩ የስኮትላንድ ሚስዮናውያን ተረከቡ። ሙቀቱና በሽታው ልጆቹን እየገደለ ስላስቸገራቸው 42 ወንዶችና 22 ሴቶች፣ በጠቅላላ 64 ልጆች፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1890 ሎቭዴል ገቡ። አብዛኞቹ ኦሮሞዎች ነበሩ።

ሎቭዴል ፊደልና ሙያ የሚያስተምር፣ ሰውንም በሚስዮኑ አምሳል ለመቅረጽ የተቋቋመ ቦታ ነበር። ሴቶቹን በዋናነት ያዘጋጃቸው ለቤት ሠራተኝነት ነው። አንድ ታላቅ ነገር ግን ቀደም ሲል በሼክ ኦስማን ተሠርቶ ነበር፤ ሚስዮናውያኑ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠይቀው ቃላቸውን ጽፈዋል። የአባትና የእናት ስም፣ ወንድምና እህት፣ የትውልድ ቦታ፣ እንዴት እንደተያዙ፣ ስንት ጊዜ እንደተሸጡ፣ በየት በኩል ወደ ባሕር እንደወረዱ በቃለ መጠይቁ ሰፍሯል። ቃለ መጠይቁ የተካሄደው በአስተርጓሚዎች እገዛ ነበር። ታሪክ ተመራማሪዋ ሳንድራ ሼል በእነዚህ ቃሎች ላይ ተመሥርታ እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ አሳትማለች።

ከ22ቱ ሴቶች አንዷ ቢሾ ጃርሳ ናት። ወላጆቿ ሞተውባት በጥቂት በቆሎ የተሸጠች ልጅ ነበረች። ሎቭዴል ውስጥ ለመምህርነት ከሠለጠኑት ሁለት ኦሮሞ ሴቶች አንዷ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ክራዶክ ከተማ ማስተማር ጀመረች፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ፍሬድሪክ ሼፐርስ የሚባል የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አገባች። የልጇ የዲምቢቲ ልጅ፣ በሮበን ደሴት የታሰሩት የነጻነት ታጋይና ምሁር ኔቪል አሌክሳንደር ናቸው። በልጅነታቸው አያታቸው በማይገባቸው ቋንቋ ለብቻዋ ስታወራ ይሰሙ ነበር፤ እናታቸው ከእግዚአብሔር ጋር እየተነጋገረች ነው ይሏቸው ነበር። የባርነቱን ታሪክ የሰሙት ጎረምሳ ከሆኑ በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለፈላጊ የሚጠቅም መንገድ ይወጣል። ተቋሙ የሚጽፈው ለራሱ ሥራ የሚያስፈልገውን ስለሆነ፣ መጀመሪያ ልጅቷን ማን ተረከባት ብሎ መጠየቅ ነው፤ ሚስዮን፣ ቆንስላ፣ የባሕር ኃይል ወይስ ፍርድ ቤት? ቀጥሎ የመግቢያ፣ የጥምቀት፣ የጋብቻና የሥራ መዝገቦችን በቅደም ተከተል ማየት ይገባል፤ በውጭ አገር ሴት ስታገባ ስሟ ሊቀየር ስለሚችል ድልድዩ የጋብቻው መዝገብ ነው። ስሞችን በፊደላቸው ሳይሆን በድምፃቸው ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው የጻፈው ጆሮው እንደሰማው ነውና። 

ማመሳከሪያው ግን ከቤት መምጣት አለበት። የውጭው መዝገብ የአንዲትን ልጅ ስምና የወንድሞቿን ስም ቢነግረን እንኳ፣ የኛ መሆኗን የሚያረጋግጠው እዚህ የቀረው ወገን ነው። ስለዚህ በማንኪራም ሆነ በቦንጋ አዛውንት ያለው ቤተሰብ፣ የጠፋችውን ሴት የልጅነት ስም፣ የእናቷን ስም፣ ጎሳዋን፣ የተወሰደችበትን ገበያና በማን ዘመን እንደሆነ ጠይቆ ዛሬውኑ ይጻፍ። ከ1890 ዓ.ም. ጦርነት ዘመን ሰዎች አፍ የሰሙት የልጅ ልጆች እያለፉ ነው፤ እነሱ ያልነገሩንን ስም የትኛውም ቤተ መዛግብት አይመልስልንም።