ሕፃናት ቊጥርን እንደምን ያውቃሉ?

የሦስት ዓመት ሕፃን «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት» እያለ እስከ ዐሥር ሲዘልቅ ወላጆቹ «ልጃችን ቊጥር ዐወቀ» ብለው ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን «ከቅርጫቱ ሦስት እንቊላል አምጣ» ቢሉት እጁ የቻለውን ያህል አፍሶ ይመጣል። ይህ እልከኝነት ወይም ስንፍና አይደለም። የቊጥርን ስም በቃል ማጥናት ሌላ፥ ብዛትን ማስተዋል ሌላ ነውና።

ካረን ዊን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፥ ሕፃን አስቀድሞ የሚለየው የ«አንድ»ን ትርጒም ብቻ ነው። ከወራት በኋላ «ሁለት»ን፥ ቀጥሎም «ሦስት»ን ይለያል። ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ግን ሲቈጥር በመጨረሻ የጠራው ስም የጠቅላላው ብዛት መሆኑ ይገባዋል።

ከዚህም በኋላ የሚቀር ነገር አለ። የስዊሱ ሊቅ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣው መጽሐፋቸው እንዳሳዩት፥ እኩል የሆኑ ሁለት ረድፎችን ትይዩ አድርገን አንዱን ረድፍ አራርቀን ብንዘረጋው፥ የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ «የረዘመው ይበዛል» ይላል። ምንም እንዳልተጨመረ በእርግጥ የሚረዳው ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሆነው ነው።

በዚህ ረገድ ቋንቋችን መልካም ረዳት ነው። «ዐሥራ አንድ» ስንል ዐሥሩም አንዱም በጆሮ ይሰማሉ፤ በእንግሊዞች «ኢለቨን» ውስጥ ግን ዐሥር አይሰማም። የግእዙም አኃዝ ፲፩ ብሎ ዐሥርንና አንድን ጐን ለጐን ያቆማል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት 11 ሲጻፍ ግን የፊተኛው 1 ዐሥር የሚሆነው በቆመበት ስፍራ ምክንያት ነው። ስለዚህ ልጁ ሁለት አንዶችን አይቶ «ሁለት» ቢል አያስደንቅም። ዐሥር እንጨት በአንድነት አስረን አንዱን ለብቻው አጠገቡ ብናኖርለት ነገሩ ይገለጥለታል።

እንግዲህ የጎጃም ወላጆች ሆይ፥ ለዚህ ትምህርት ገንዘብ አያስፈልግም። ቡና ሲፈላ ልጃችሁ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ሲኒ ያቅርብ፤ ስንት እንደ ተረፈም ይናገር። ገበጣ ሲጫወት በየጒድጓዱ አንድ አንድ ጠጠር መጣሉ ራሱ ትምህርት ነውና አትከልክሉት። ሲሳሳት ግን በአርጩሜ አትምቱት፤ በታላላቆቹም ፊት አትዝለፉት። በቊጥር ምክንያት የተመታ ልጅ ቊጥርን መፍራት ይማራል፤ ይህንም ፍርሃት ይዞ ትምህርት ቤት ይገባል። «እስኪ እንደ ገና አብረን እንቊጠር» ቢባል ግን ራሱ ስሕተቱን ያገኘዋል።