ግልባጭ፦ ለግል ማህደር

በመንግሥት ደብዳቤ ግርጌ፣ ከፊርማውና ከክቡ ማህተም በታች፣ አንዲት አጭር መስመር አለች፤ «ግልባጭ፦ ለግል ማህደር» ትላለች። ብዙ ሰው ሳያነባት ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ይከታል። ቅጥሩ፣ የደረጃ እድገቱ፣ ዝውውሩ፣ ቅጣቱ፣ የወሊድ ፈቃዱ፣ ጡረታው ሁሉ የሚያርፈው ግን በዚህች መስመር በተጠራው ፋይል ውስጥ ነው። ያንን ፋይል የምትጠብቀው፣ ከውስጡ እያወጣችም ስለ ሌላው ሰው ምስክርነት የምትጽፈው የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያዋ ናት። በዕድሜ የገፉት ሠራተኞች ዛሬም «የፐርሶኔሏ» ይሏታል። እዚህ ላስተዋውቅ የፈለግሁት እሷን፣ ከእጇ የሚወጣውን ደብዳቤና ለራሷ ሊጻፍላት የሚገባውን ነው።

ሥራዋ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከቆቃ የተሻለ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም። የቆቃ ግድብ አዋሽን ገድቦ ኃይል ማመንጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። የተሠራው ጣሊያን ለወረራዋ በከፈለችው የጦር ካሳ ሲሆን፣ ሦስቱ ተርባይኖቹ በአንድ ላይ 43.2 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተደርገው የተተከሉ ናቸው። እንግዲህ በ1985 ዓ.ም. እዚያ በኦፕሬተርነት የተቀጠረ አንድ ሰው እናስብ። የቅጥር ደብዳቤው ራስጌ «የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን» ይላል። በ1989 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ኮርፖሬሽን ሆነ። በ2006 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ለሁለት ተከፈለና ማመንጫዎቹ «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል» ለተባለው ተሰጡ። ሰውየው ከተርባይኑ አጠገብ ሳይነቃነቅ ሦስት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ይመስላል። ሦስቱ ራስጌዎች የአንድ ሥራ ስም መሆናቸውን በአንድ አንቀጽ አያይዞ የሚጽፍለት ሰው ከሌለ፣ ሌላ ቦታ ሲወዳደር ዓመታቱ ይሸራረፋሉ።

መሸራረፉ በብር ይቆጠራል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714፣ አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ እንዲያገኝ፣ ከዚያ በላይ ለሚያገለግለው ለእያንዳንዱ ዓመትም 1.25 በመቶ እንዲጨመርለት ደንግጎ ነበር። በዚህ ስሌት ከማህደሩ ሁለት ዓመት የጠፋበት ሠራተኛ በየወሩ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ 2.5 በመቶ ይጎድልበታል። ከእሱ በኋላም ጉድለቱን ባለቤቱና ልጆቹ ይወርሱታል። የጠፋው ግን አንዲት ገጽ ናት፤ ምናልባት ቢሮ ሲቀየር ከካርቶን የወደቀች፣ ወይም «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» የሁለት ሰው ስም መስሎ በሌላ ፋይል የገባች።

ከባለሙያዋ እጅ ከሚወጡት ወረቀቶች ትልቁ የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። ሰዎች ያቃልሉታል። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምራል፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በዚህ የሥራ መደብ፣ በዚህ ደመወዝ ብሎ ያበቃል። ከግል ድርጅት የመጣ ከሆነ ደግሞ ቀጣሪዎች አንድ ዐረፍተ ነገር ይፈልጉበታል፤ ከደመወዙ የሥራ ግብር ሲከፈል የቆየ መሆኑን። ይህች ዐረፍተ ነገር ቀርታበት አምስት ዓመት ሙሉ የሠራ ሰው እንደ ጀማሪ የተቆጠረበት አጋጣሚ ብዙ ነው። በቆቃና በሞጆ ዙሪያ በፋብሪካና በእርሻ ሲሠሩ ቆይተው ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚያመለክቱ ወጣቶች ምክሬ አንድ ነው፦ ደብዳቤውን ተቀብላችሁ ከግቢው ሳትወጡ አንብቡት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። መብት ነው፤ እንደ ውለታ አይቆጠር።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። ቆቃ ኦሮሚያ ውስጥ ስለሆነች የወረዳው ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይጻፋል፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በአማርኛ ይሠራል። ትርጉም ሲመጣ የሥራ መደቡ ስም ይለወጣል፤ «ባለሙያ» የነበረው «ሠራተኛ» ሆኖ ይገኝና ደረጃው ይወርዳል። ሁለቱንም ቋንቋ አጥርታ የምታውቅ ባለሙያ የመደቡን መጠሪያና ደረጃ በሁለቱም ጽፋ ትሰጣለች። ባለጉዳዩ ይህ ቁም ነገር መሆኑን የሚያውቀው አዲስ አበባ ደርሶ መስኮት ፊት ሲቆም ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት እንዴት ነበር? ደጅ ጥናት ነበር። ሹመት ፈላጊ በጌታው ደጅ ወራት ይመላለሳል፤ ምስክሩ አማላጁ ነው፣ ምስክርነቱም ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሄድ ቃል ነው። ይህን በሕግ ለመተካት የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1961 ማዕከላዊ የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ቁጥር 23 ሲቋቋም ነው። ቅጥር በችሎታ፣ እድገት በውድድር፣ ሁሉም በጽሑፍ ይሁን ተባለ። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፈተ። ደጅ ጥናቱ ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ወደ ባለሙያዋ ጠረጴዛ መጥቷል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል። የሚመጣው የሰፈሯ ልጅ ነው፣ የእናቷ የዕድር አባል ነው። «እህቴ፣ ሁለት ዓመት ብትጨምሪልኝ ማን ያያል?» ይላታል። «ወንድሜ፣ ማህደሩ ያያል» ማለት አለባት። ይህን ብላ ነገ ቡና ላይ ከእናቱ ጋር ትቀመጣለች። የሙያውን ክብር የምለካው በዚህች መልስ ነው።

ለእሷስ ማን ይመስክር? የሁሉን የሥራ ልምድ የምታዘጋጅ ሰው የራሷን አርቅቃ ራሷ መፈረም አትችልም፤ የሚፈርመው ኃላፊዋ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ወይም ለከፍተኛ መደብ ስታመለክት ኃላፊዋ ሪኮመንዴሽን ጻፍ ይባላል፤ እሱም በልማዱ «ታታሪ፣ ታዛዥና ተግባቢ» ብሎ ይሰጣታል። ሦስቱም ቃላት ለጥበቃውም ለሾፌሩም ተጽፈው ያውቃሉ። አንባቢው ከእነሱ ምንም አያገኝም። «ታዛዥ» የምትለውማ ለዚህ ሙያ ነቀፋ ልትሆን ትችላለች፤ ጥሩ የሰው ሀብት ባለሙያ ኃላፊዋ ያለ ማስታወቂያ ሰው ቅጠሪ ሲላት አዋጁን አውጥታ የምታሳይ ናትና።

ችግሩ የጎበዟ ሥራ አለመታየቱ ነው። በደንብ ከሠራች ቅሬታ አይነሳም፣ ክስ ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት አይሄድም፣ ጡረታ የወጣው ሰው አይመላለስም። ያልደረሰ ነገር ደግሞ በደብዳቤ አይጻፍም ብለን እናስባለን። ይጻፋል። ኃላፊው በእሷ ጊዜ በወጡ የቅጥር ማስታወቂያዎች ላይ ስንት ቅሬታ ቀርቦ ስንቱ በማስረጃ እንደተመለሰ መጻፍ ይችላል። ድልድል በተካሄደ ጊዜ ሠራተኛው ስም ዝርዝሩን ሲያይ ምን ጥያቄ እንዳነሳ፣ እሷም በምን እንዳስረዳች መጻፍ ይችላል። የተበታተኑ ፋይሎችን ስትረከብ መዝገብ ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር፣ ዛሬ አንድ ማህደር ፈልጎ ለማግኘት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይጻፍ። ምስጢር ጠባቂነቷም ይጻፍ፤ የማን የሕክምና ወረቀት፣ የማን የዲስፕሊን ውሳኔ በእጇ አልፎ ከቢሮው እንዳልወጣ፣ ስም ሳይጠራ። ጸሐፊው ምን ያህል ጊዜ፣ በምን ኃላፊነት እንደሚያውቃት ቢገልጽ፣ ገና የምትማረው ነገር ካለም ቢጠቁም፣ ምስጋናው ይታመናል። ጉድለት የሌለባት ሰው የተገለጸችበትን ደብዳቤ ጥሩ መራጭ ወደ ጎን ያደርገዋል።

ባለሙያዋም ዝም ብላ አትጠብቅ። የሠራችውን በዓመቱ መጨረሻ በአንድ ገጽ ከነቁጥሩ ጽፋ ለኃላፊዋ ታቅርብ፣ አንዱን ግልባጭ ወደ ራሷ ማህደር ትላክ። ኃላፊዎች በፍጥነት ይቀያየራሉ፤ ሥራዋን ያየው ሰው በሦስተኛው ዓመት ሌላ ወረዳ ሊሆን ይችላል።

እናንተም የመንግሥት ሠራተኞች ከሆናችሁ አንድ ቀን ወደ ሰው ሀብት ክፍል ጎራ በሉ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999፣ ከዚያም ቁጥር 1064/2010፣ ሠራተኛ የግል ማህደሩን የማየትና ግልባጭ የመውሰድ መብት እንዳለው ሲደነግጉ ቆይተዋል። የቅጥር ደብዳቤያችሁ ቀን፣ የስማችሁ ፊደል፣ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁ ትክክል መሆኑን ገና በሥራ ላይ ሳላችሁ አረጋግጡ። ፋይሉ ተሟልቶና ተሰድሮ ካገኛችሁት ያሰናዳችውን ባለሙያ ስም ጠይቁና ለኃላፊዋ የምስጋና ደብዳቤ ጻፉላት። ግርጌው ላይ «ግልባጭ፦ ለግል ማህደር» ማለቱን አትርሱ።