ቁስል፣ ውሻና ድመት፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቤት ስንገባ

ከሆስፒታል ለሚወጣ ሰው የሚሰጠው የመውጫ ወረቀት ብዙ ነገር ይናገራል፡፡ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚዋጥ፣ ፋሻው መቼ እንደሚቀየር፣ ስፌቱ መቼ እንደሚፈታ፣ ከባድ ዕቃ እስከ መቼ እንደማይነሳ ተጽፎበታል፡፡ ባለፈው ዓመት በሐሞት ጠጠር ምክንያት ሆዴ ተከፍቶ የሐሞት ከረጢቴ ሲወጣልኝ ለእኔም እንዲህ ያለ ወረቀት ተሰጥቶኛል፡፡ የሕግ ትምህርት ያለፈበት ሰው ወረቀት ሳያነብ አይቀበልምና ሁለት ጊዜ አነበብኩት፡፡ ስለ ውሻና ስለ ድመት አንድም ቃል የለበትም፡፡ ነርሷን ብጠይቃት «ጋሼ፣ ውሻው ግቢ ውስጥ ነው እንጂ ከእርስዎ ጋር አይተኛ፤ ምን ያደርግዎታል?» ብላ ሳቀች፡፡

ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም፡፡ የከተማችን ውሻ በር ላይ ታስሮ የሚያድርበት ዘመን ለብዙ ቤተሰብ አልፏል፡፡ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቡችላ የሚያሳድጉ ወጣቶች አሉ፡፡ ድመት ደግሞ ድሮም ቢሆን የቤት ሰው ናት፤ ብርድ ሲሆን የምትገባው ብርድ ልብስ ውስጥ ነው፡፡ በእኔም ቤት መቻል የሚባል ትልቅ ውሻና ውሮ የምትባል ድመት አሉ፡፡ ቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ የተያዘለት ስለነበር አስቀድሜ ሐኪሜንና የእንስሳት ሐኪሙን ለየብቻ ጠይቄ፣ የሚነበበውንም አንብቤ ነበር፡፡ ውድ አንባቢያን፣ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ የፈለግሁት በየቤቱ ሰው ተሰፍቶ ሲገባ ይህ ጉዳይ ሲነሳ ስለማልሰማ ነው፡፡

ከሁሉ አስቀድሞ የእብድ ውሻ በሽታን እናንሳ፡፡ በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ የሚተላለፈው በታመመው እንስሳ ምራቅ ነው፡፡ በንክሻ እንደሚተላለፍ ሁላችንም እናውቃለን፡፡ የምንዘነጋው የግድ ጥርስ የማያስፈልገው መሆኑን ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ከተጠረጠረ እንስሳ ጋር የሚደረግን ንክኪ በሦስት መደብ ይከፍለዋል፡፡ እንስሳውን መዳሰስ፣ መመገብ፣ በጤነኛ ቆዳ ላይ መላስ አንደኛው መደብ ነው፤ ክትባት አያስፈልገውም፡፡ ደም ያልወጣው ቀላል ጭረት ሁለተኛው ነው፤ ክትባት ይጀመራል፡፡ ሦስተኛውና ከባዱ መደብ ቆዳን የበሳ ንክሻና ጭረት ነው፤ ከክትባቱ በተጨማሪ ቫይረሱን ወዲያው የሚመክት ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት በቁስሉ ውስጥና ዙሪያ እንዲወጋ ይመከራል፡፡ በዚሁ በሦስተኛው መደብ ውስጥ የቆሰለ ቆዳን መላስ አብሮ ተቀምጧል፡፡

ልብ በሉ፤ ምላሱ ያው ምላስ ነው፡፡ ትናንት ጤነኛ እጃችንን ሲልስ ምንም ያልነበረው ድርጊት፣ ዛሬ ያልደረቀ ስፌት ላይ ሲደርስ ከአንደኛው መደብ ወደ ሦስተኛው ይዘላል፡፡ እኛ የሕግ ሰዎች አንድ ድርጊት እንደ ሁኔታው ቀላል ጥፋትም ከባድ ወንጀልም እንደሚሆን እናውቃለንና ይህ አከፋፈል አያስገርመንም፡፡ ሊያስገርመን የሚገባው ማንም የማይነግረን መሆኑ ነው፡፡

በሽታው ምልክት ማሳየት ከጀመረ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፡፡ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺሕ ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኛው ሟች በአፍሪካና በእስያ ነው፣ ለሰው የሚያስተላልፈውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው፡፡ መከላከያው ግን ከመቶ ዓመት በላይ በእጃችን አለ፡፡ ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን መከተብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 ነው፡፡ በአዲስ አበባ ጉለሌ ያለውን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ብዙዎቻችን ዛሬም «ፓስተር» የምንለው በዚሁ ሰው ስም ነው፡፡

እንግዲህ ቀጠሮ የተያዘለት ቀዶ ሕክምና ያለበት ሰው የመጀመሪያ ሥራው የውሻውንና የድመቱን የክትባት ካርድ ማየት ነው፡፡ አዎን፣ የድመቱንም፡፡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ እንስሳ ተከላክሏል የሚባለው ከ28 ቀን በኋላ ስለሆነ በዋዜማው ማስከተብ አይበቃም፤ ወር ቀደም ማለት ያሻል፡፡ ካርድ የሌለው እንስሳ ቁስላችሁን ከላሰ ደግሞ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም መሄድ ነው፡፡ «ስፌቱ እንዳይነካው ውኃ» የሚለው ምክር ለዚህ ጊዜ አልተሰጠም፡፡ እንስሳው ጤነኛ ከመሰለ አሥር ቀን ታስሮ ይጠበቃል፤ በአሥሩ ቀን ደህና ከሆነ በላሰበት ዕለት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው፡፡ ክትባቱ ግን አሥሩ ቀን እስኪያልቅ አይጠበቅለትም፡፡ እንስሳውን ገድሎ መጣል፣ እንደ ልማዳችን፣ ይህንን ማስረጃ አብሮ መቅበር ነው፡፡

እሺ፣ ውሻችን በየዓመቱ የተከተበ ነው እንበል፡፡ ያን ጊዜስ? «የውሻ ምላስ ቁስል ያድናል» የሚል ያረጀ እምነት አለ፤ በእኛ ዘንድ ብቻ ሳይሆን በብዙ ሕዝቦች ዘንድ፡፡ በወንጌል ስለ ድሃው አልዓዛር በተነገረው ምሳሌ ውሾች መጥተው ቁስሉን ይልሱ እንደነበር ይነገራል፤ አንዳንዱ ሰው ይህንን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ይጠቅሰዋል፤ ምሳሌው ግን የሚናገረው ስለ ሰውዬው መጣል ነው፡፡ እውነት ነው፣ በውሻ ምራቅ ውስጥ አንዳንድ ባክቴሪያን የሚያዳክሙ ነገሮች አሉ፡፡ በዚያው አፍ ውስጥ ግን ፓስቱሬላ የሚባል ባክቴሪያ በብዛት ይኖራል፣ በድመት አፍ ውስጥ ደግሞ ይብሳል፡፡ ካፕኖሳይቶፋጋ የሚባል ሌላም አለ፤ ጤነኛ ሰው ላይ ብዙም ጉዳት የማያደርስ፣ ጣፊያው በቀዶ ሕክምና በወጣለት ሰው ላይ ግን ደም ውስጥ ገብቶ በጥቂት ቀናት ሊገድል የሚችል፡፡ በአደጋ ምክንያት ጣፊያቸው የወጣ ሰዎች ይህንን ሊያውቁ ይገባል፡፡ ሰው ሠራሽ የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ የተገጠመላቸውም እንዲሁ፤ ከቤት እንስሳ አፍ የተነሳ ባክቴሪያ ወደ ተገጠመው ብረት ደርሶ እንዳመረቀዘ በሕክምና መጽሔቶች በተደጋጋሚ ተመዝግቧል፡፡

የተሰፋ ቆዳ ላይ ላዩን የሚዘጋው በሁለት ቀን ገደማ ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ጠንካራ ይመስላል፤ አይደለም፡፡ ከሥሩ ያለው የሆድ ግድግዳ ጉልበት እስኪያገኝ ሳምንታት ይፈጃል፤ «አምስት ኪሎ አታንሳ» የሚባለውም ለዚህ ነው፡፡ ጌታው ከሳምንት በኋላ ቤት ሲገባ በደስታ ዘሎ ሁለት እግሩን ሆዱ ላይ የሚያሳርፍ የ30 ኪሎ ውሻ ግን ይህንን ምክር አላነበበም፡፡ ስለዚህ በመጣሁበት ዕለት መቻል በጓሮ እንዲታሰር አስቀድሜ አዝዤ ነበር፡፡ በሦስተኛው ቀን ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሆዴ ላይ ትራስ ይዤ፣ በአጭር ገመድ ተይዞ መጣልኝ፡፡ ጮኸ፣ አለቀሰ፣ ጫማዬን አሸተተና ተኛ፡፡

ድመት አትዘልም፤ እሷ እግር ሥር ነው የምትገባው፡፡ ቀላል እንዳይመስላችሁ፡፡ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት በዚያ አገር በውሻና በድመት ምክንያት ወድቀው ለድንገተኛ ሕክምና የሚቀርቡ ሰዎች በዓመት ከ86 ሺሕ በላይ እንደሆኑ ገምቷል፤ አብዛኞቹን የጣላቸው ውሻ ቢሆንም የድመቷም ድርሻ አለ፡፡ የሕመም ማስታገሻ ወስዶ፣ ራሱ እየዞረበት፣ ሌሊት ግድግዳ ይዞ ወደ ሽንት ቤት ለሚሄድ ሰው፣ መብራትም ሊጠፋ በሚችልበት ከተማ፣ የመኝታ ቤቱ በር ለሁለት ሳምንት ለድመቷ ቢዘጋ ጭካኔ አይደለም፡፡ ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ የተተከለለት ከሆነማ ግዴታ ነው፡፡ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ነገር ያየች ድመት ምን እንደምታደርግ አልነግራችሁም፡፡

በተቃራኒው እኛም እንስሳቱን እንጎዳለን፡፡ ቤታችን በዚያ ሰሞን ትንሽ ፋርማሲ ይሆናል፡፡ አንዲት የፓራሲታሞል ክኒን ድመትን ልትገድል ትችላለች፤ ጉበቷ መድኃኒቱን የሚያስወግድበት መንገድ የለውም፡፡ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ፡፡ «እሱም አሞታል» ብሎ ከራሱ መድኃኒት ቆርሶ የሚሰጥ ደግ ሰው ባይኖር ይሻላል፡፡

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ፡፡ በእኛ አገር የታመመ ይጠየቃል፡፡ ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባው ብርቱካኑንና ዳቦውን ይዞ በቡድን ይመጣል፡፡ በሩ ቀኑን ሙሉ ይከፈታል፣ የማያውቃቸው ሰዎች ይገባሉ፣ የቤቱ ጌታ ተኝቷል፣ ውሻውም ይኸው ሁሉ አልጣመውም፡፡ ጠያቂ ቢነከስ ኃላፊው ማን ነው? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 መልሱን አስቀምጧል፤ እንስሳው ሳይታሰብ ከእጁ ያመለጠ ቢሆን እንኳ ለደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፡፡ ጥፋት መኖሩ አይጠየቅም፡፡ «አልጋ ላይ ነበርኩ»፣ «ዘበኛው ማሰሩን ረሳው» የሚሉ መከላከያዎች ለሽምግልና ይጠቅሙ ይሆናል እንጂ ባለቤቱን ነፃ አያወጡም፡፡ ስለዚህ ውሻውን ማን ያስራል፣ ማን ይፈታል፣ ማን ይመግባል የሚለው አስቀድሞ ለአንድ ሰው በስሙ ተለይቶ ይሰጥ፡፡ የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም እንደማይሆን የቢሮ ሰው ሁሉ ያውቃል፡፡

የመመገቡ ነገር ሲነሳ፣ ከሥጋ ቤት የሚመጣ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መስጠት በጤናውም ጊዜ ቢቀር ጥሩ ነው፡፡ ከዚያ የሚይዘው ትንሽ የኮሶ ትል ዘመድ እንቁላሉን በዓይነ ምድሩ ይጥላል፤ ወደ ሰው ሲገባ ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል፡፡ ያም ብዙ ጊዜ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስከትላል፡፡ ቀቅሎ መስጠት ይበቃል፡፡

«ታዲያ ለምን ለሁለት ወር ለዘመድ አትሰጣቸውም?» ያለኝ ወዳጅ አለ፡፡ የእንስሳ ጓደኝነት ሕመምተኛን ይጠቅማል የሚሉ ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ፡፡ የልብ ሕመም ከነበረባቸው 92 ሰዎች መካከል እንስሳ ከነበራቸው 53 ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት 3 ሲሆኑ፣ ካልነበራቸው 39 ሰዎች 11 ሞተዋል፡፡ ደስ የሚል ቁጥር ነው፡፡ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2010 በአውስትራሊያ የልብ ሕመምተኞች ላይ የታተመ ሌላ ጥናት ያገኘው ተቃራኒውን ነው፤ እንስሳ ያላቸው፣ በተለይም ድመት ያላቸው፣ የባሰ ዕጣ ገጥሟቸዋል፡፡ ሁለት ምስክር እንዲህ ሲጋጭ ዳኛ ውሳኔ አይሰጥም፡፡ እኔ መቻልንና ውሮን ያስቀረኋቸው ለልቤ ዕድሜ ብዬ ሳይሆን፣ ሰው ሁሉ ሥራ ሄዶ ቤቱ ጭር በሚልበት ከሰዓት በኋላ በመስኮት የማየው ነገር ስለፈለግሁ ነው፡፡ ቁስሉ ተሸፍኖ፣ አንሶላው ተለይቶ፣ እንስሳ ከነኩ በኋላ እጅ በሳሙና እየታጠበ አብሮ መኖር እንደሚቻል ሁለቱም ሐኪሞች ተስማምተውልኛል፡፡

አንድ የቀረኝ የድመት ንክሻ ነው፡፡ ጥርሷ እንደ መርፌ ቀጭን ስለሆነ ከውጭ ነጥብ ብቻ ይታያል፤ ባክቴሪያው ግን ጠልቆ ገብቷል፡፡ ፓስቱሬላ ፈጣን ነው፤ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ እብጠቱ፣ ቅላቱና ጥዝጠዛው ይመጣል፡፡ ቤት ውስጥ የተረፈ ክኒን ፈልጎ መዋጥ አይረባም፤ አንዳንዱ የተለመደ አንቲባዮቲክ ይህን ባክቴሪያ አይነካውም፡፡ ለቀዶ ሐኪማችሁ ስትደውሉ «ትኩሳት አለኝ» ብቻ አትበሉ፤ «ድመት ነክሳኛለች» በሉት፤ የሚያዝላችሁ መድኃኒት ሌላ ነውና፡፡