የአደራ ልጅና የአደራ ቤት

ልጅን ማሳደግ ለማንኛውም ወላጅ ድካም ያለበት ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ልጁ አእምሮው ወይም አካሉ በዕድሜው ልክ ሳያድግ የቀረ እንደ ሆነ ግን ድካሙ እጥፍ ይሆናል። በአምስት ዓመቱ ያልተናገረ፣ በስምንት ዓመቱ የሚያጎርሱት፣ በዚህ ላይ የሚጥል በሽታ የተደረበበት ልጅ አለ። እናትና አባቱ ቢሞቱበት ወይም አቅም ቢያንሳቸው ይህን ልጅ ማን ይረከበዋል?

ብዙ አገሮች በመጀመሪያ የሰጡት መልስ ትልቅ ቤት ሠርቶ ልጆቹን ባንድነት ማኖር ነበር። በኒው ዮርክ ከተማ በስታተን ደሴት ዊሎውብሩክ የተባለው የመንግሥት ተቋም በ1947 ተከፈተ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለ4,000 ሰው በተሠራው ቤት በ1965 ከ6,000 በላይ ሰው ታጭቆበት ነበር። በዚያው ዓመት የጎበኙት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሮበርት ኬኔዲ ያዩትን በይፋ ነቀፉ። በ1972 ጋዜጠኛው ጄራልዶ ሪቬራ ካሜራ ይዞ ገብቶ ልጆች ራቁታቸውን በእድፍ መካከል ወለል ላይ ተጥለው መኖራቸውን በቴሌቪዥን አሳየ። ወላጆች ክስ መሠረቱ፤ በ1975 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ነዋሪዎቹ በሕዝብ መካከል ወዳሉ ትናንሽ ቤቶች እንዲዛወሩ ተወሰነ። ተቋሙም በ1987 ተዘጋ።

ጉዳቱ የእድፍና የጥበት ብቻ አይደለም። ትልቁ ቤት ራሱ የልጅን እድገት እንደሚያዘገይ በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት በ2000 በተጀመረ ጥናት ታውቋል። በማሳደጊያ ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው፣ ክፍያና የባለሙያ ድጋፍ ለሚያገኙ የአደራ ቤተሰቦች ተሰጡ። አራት ዓመት ተኩል ሲሞላቸው የአእምሮ ችሎታቸው ቢለካ፣ ዕጣቸው በማሳደጊያ መቅረት ከነበረው በ8 ነጥብ ያህል በልጠው ተገኙ። ከባድ የተፈጥሮ እክል ያለባቸው ሕፃናት በጥናቱ አልገቡም። ቢሆንም ጤናማውን ሕፃን የሚያዘገይ ቤት፣ አስቀድሞ የዘገየውን እንደማያቀና ማንም ሊገምት ይችላል።

ስለዚህ ነው ልዩ የአደራ ቤተሰብ የሚባለው አሠራር የመጣው። አሠራሩ ልጁን ለደግ ሰው ሰጥቶ ዞር ማለት አይደለም፤ ደግነት ብቻውን አይበቃምና። አሳዳጊዋ አስቀድማ ትሠለጥናለች። የሚጥለው ልጅ ሲወድቅ በጎኑ ማስተኛት እንጂ በአፉ ምንም መክተት እንደማይገባ ትማራለች። መዋጥ የሚቸግረውን ልጅ ቀጥ አድርጋ አስቀምጣ በጥቂት በጥቂቱ ማጉረስን፣ ለማይናገረው ሥዕል እያሳዩ ፍላጎቱን መጠየቅን፣ ኦቲዝም ላለበት የቀኑን ሥራ በማይለዋወጥ ሰዓት ማድረግን ትለምዳለች።

በአንድ ቤት የሚቀመጡት ልጆች አንድ ወይም ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ይጎበኛል፤ ንግግርና እንቅስቃሴ የሚያለማምድ ባለሙያም ይመደባል። አበሉ ከተራው የአደራ ቤት ከፍ ይላል። «በገንዘብ የሚያሳድግ ምን ፍቅር አለው?» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ልጁን ለመጠበቅ ሥራዋን የተወች ሴት የቤት ኪራይና የመድኃኒት ዋጋ በፍቅር አትከፍልም።

ከሁሉ የሚረሳው የአሳዳጊዋ ዕረፍት ነው። ሌሊት እንቅልፍ የማይወስደውን ልጅ ወራት ሙሉ የጠበቀች ሴት ትዝላለች። ለጥቂት ቀናት ልጁን የሚቀበል ሌላ የሠለጠነ ቤት ከሌለ፣ «አልቻልኩም፤ ውሰዱልኝ» የምትልበት ቀን ይመጣል። ልጁም ሁለተኛ እናት ያጣል። እንዲህ ከቤት ቤት የሚንከራተት ልጅ የለመደውን ጥቂት ቃል እንኳ ሊያጣ ይችላል።

ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 23 ወላጅ ማሳደግ ባይችል ልጁ በዘመድ ዘንድ፣ ያም ባይሆን በማኅበረሰቡ ውስጥ በቤተሰብ መልክ እንዲያድግ ጥረት ይደረግ ይላል። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አክስትና አያት የሙት ልጅ ሲያሳድጉ ኖረዋል፤ ጉዲፈቻም የቆየ ልማዳችን ነው። የጎደለው ከዚያች አክስት ጀርባ የሚቆም ሐኪም፣ አሠልጣኝና አበል ነው። ሰው ያስቀመጠበትን ዕቃ እንኳ ሳይነካ የሚጠብቅ ሕዝብ ለልጅ አደራ አያንስም። ሆኖም ይህን ያህል የከበደ አደራ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም።