ከሕፃናት ጋር ለመሥራት የተከለከለ ፈቃድና የፍርድ ቤት ክለሳ

ከሕፃናት ጋር ለመሥራት የሚሰጥ ፈቃድ አንድ ሰው መምህር፣ ሞግዚት ወይም የልጆች አሠልጣኝ ከመሆኑ በፊት የወንጀል ታሪኩ ታይቶ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። ፈቃዱ ሲከለከል፣ ክልከላው በሕግ መሠረት መወሰኑን ፍርድ ቤት ወይም ልዩ ችሎት ይመረምራል፤ ይህም ክለሳ ይባላል። በአንድ ወገን የሕፃናት ደኅንነት፣ በሌላው ወገን የሰው እንጀራ አለ።

የክለሳው ስፋት ከአገር አገር ይለያያል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ሕግ መሠረት ከሕፃናት ጋር እንዳይሠራ በዝርዝር የገባ ሰው ይግባኝ የሚለው በሕግ ወይም በፍሬ ነገር ስሕተት ብቻ ነው፤ «መከልከሉ ተገቢ ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ በራሱ የይግባኝ ምክንያት አይሆንም። በአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግን ችሎቱ ሰውየው ለልጆች አስጊ መሆን አለመሆኑን እንደ አዲስ ይመዝናል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ለዚህ ማጣሪያ በብዛት የሚያገለግለው ከፖሊስ የሚሰጠው ከወንጀል ነፃ የምስክር ወረቀት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናት ጥቅም በቅድሚያ እንዲታሰብ ያዛል፤ አንቀጽ 41 ደግሞ ዜጋ ሥራውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚችል ጉዳይን ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይፈቅዳል።

ፈቃድ የከለከለው የፌዴራል አስፈጻሚ ተቋም ሲሆን የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አግባብ ይኖረዋል። አዋጁ ተቋማት ባለጉዳዩን እንዲሰሙና ለውሳኔያቸው ምክንያት እንዲሰጡ ይጠይቃል፤ ቅር የተሰኘ ሰው መጀመሪያ በተቋሙ ውስጥ አቤት ብሎ ከዚያ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ከዚህ በፊት ሁሉንም ተቋማት የሚገዛ እንዲህ ያለ ሕግ በፌዴራል ደረጃ አልነበረም። አዋጁ የፌዴራል በመሆኑ ግን የክልል መሥሪያ ቤቶችን አይመለከትም። ለምሳሌ ሐዋሳ በ2012 የተመሠረተው የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት፤ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚኖር አመልካች የክልል ቢሮ ሲከለክለው መመልከት ያለበት የክልሉን ሕግ ነው።

ለተፈረደበት ሰው ሌላ መንገድም አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ «መሰየም» የሚለው ሥርዓት ቅጣቱን የጨረሰ ሰው የተወሰነ ጊዜ በመልካም ጠባይ ካሳለፈ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። እዚህ ላይ እውነተኛ ችግር ይነሳል፤ ምክንያቱም መዝገብ ብቻ የሚያይ ቀጣሪ የተሰረዘውን አያገኝም። በአንቀጽ 626 እና 627 በልጆች ላይ የሚፈጸም የፆታ ጥቃት ከቀላል ስርቆት በእጅጉ የከፋ አደጋ ነው፤ «ከወንጀል ነፃ» የሚል ወረቀት ግን ጥፋቱ ምን ዓይነት እንደነበር ሳይለይ አንድ ዓይነት መልስ ብቻ ይሰጣል። ለሕፃናት ብቻ የሚሠራ ማጣሪያ ያላቸው አገሮች ይህን ለመለየት የሚሞክሩት የጥፋቱን ዓይነት፣ የተፈጸመበትን ዘመንና የአመልካቹን የዛሬ ሁኔታ አብሮ በማየት ነው።